ከልጄ አፍ የተነጠቀ አየር

ሠላሳውን ያለፈ ጎልማሳ ዶንዶን ተብሎ ሲጠራ አቤት ካለ መጠርጠር ነበረብኝ። ግን እኛ አገር፣ ፊሊፒንስ፣ ዳኛውም የባንክ ሥራ አስኪያጁም እናቱ በጨቅላነቱ ባወጣችለት ስም ስለሚጠራ በስሙ አልፈረድኩበትም። የፈረድኩበት በሻንጣው ነው።

ልጄ ሊጋያ መጀመሪያ ይዛው የመጣች ቅዳሜ ከመኪናው ያወረደው ሻንጣ እሷን ያክላል። እኔና ባለቤቴ ክሪስፑሎ፣ አኒላዎ በምትባል መንደር፣ ባሕሩ ዳር የጠላቂዎች ማረፊያ አለን። ከማኒላ ለሚመጣው ሰው ዕቃ እናከራያለን፣ በጀልባ እንወስደዋለን፣ ውኃ ሥር አዙረን ዓሣውንና ኮራሉን አሳይተን በሰላም እንመልሰዋለን። በዚህ ሥራ ስኖር ብዙ ዓይነት ሰው አይቻለሁ። ዋና ሳይችል ሊጠልቅ የሚመጣ አይቻለሁ። ከሚስቱ ተጣልቶ ባሕር ሥር የሚያኮርፍ አይቻለሁ። ሻንጣውን የሰው ሳሎን መሃል ከፍቶ፣ ዕቃውን እንደ ሙሽራ ጥሎሽ አንድ በአንድ እያነሳ የሚያሳይ ግን ዶንዶን የመጀመሪያዬ ነው።

«ይሄ ጣልያን አገር የተሠራ ነው፣ ታታይ» አለው ባሌን። ልጃችንን ገና ሳይጠይቀን አባቴ ማለቱን ጀምሮታል። በእጁ የያዘው መተንፈሻውን ነበር፤ ከሲሊንደሩ የሚመጣውን አየር ልክ ስትስብ ብቻ የሚለቅልህን፣ ጥርስህ መሃል ነክሰህ የምትይዘውን ዕቃ። «ቲታኒየም ነው። በረዶ ሥር ሳይቀር ይሠራል።»

«እኛ ጋ በረዶ የሚገኘው ጭማቂ ውስጥ ነው» አለ ክሪስፑሎ። «ለሱ ደግሞ ስትሮ ይበቃናል።»

ሊጋያ ሳቀች። ዶንዶን አልሳቀም።

«የሕይወት ጉዳይ ስለሆነ ነው፣ ታታይ» አለና ዐይኑን ግድግዳው ላይ ወደተሰቀሉት የኛ ዕቃዎች አዞረ። የሊጋያን መተንፈሻ ከመካከላቸው ለየው። ከኔ የወረሰችው ነው፤ ቀለሙ ለቋል፣ የሚነከሰው ጎማ ብቻ አዲስ ነው። በሁለት ጣቱ፣ የሞተች አይጥ እንደሚያነሳ ሰው፣ ከፍ አድርጎ ያዘው። «ሊጋያ በዚህ ነው የምትጠልቀው? ይሄ እኮ ሙዚየም መግባት ያለበት ነው።»

«በየዓመቱ ፈትቼ አጥቤ የምገጥመው እኔ ነኝ» አልኩት።

«እርስዎን ለመንካት አይደለም፣ ቲታ።» ቲታ ማለት አክስቴ ማለት ነው። ማኒላዎች አክብሮት ሲያጥራቸው ጎዶሎውን በዝምድና ይሞሉታል።

«ያንተንስ ልየው? ብዙ ጊዜ ሳይሠራ ከቆመ ጨው ይይዘዋል።»

«አይ፣ ይቅርታ፣ ይሄን የሚነካው ፈቃድ ያለው ቴክኒሻን ብቻ ነው» አለና ለስላሳ ከረጢት ውስጥ መልሶ ከተተው።

የዶንዶን ሥራ ገና ያልተሠራ ፎቅ መሸጥ ነበር። ጉድጓድ ብቻ ያለበት ቦታ ላይ ቆሞ፣ እዚህ ጋ ሳሎንዎ፣ እዚህ ጋ በረንዳዎ እያለ ለሰው ያሳያል። የቀረውን ጊዜ የሚያጠፋው ስልኩ ላይ ነው። የራሱ ገጽ አለው፤ የጠለቀባቸውን ባሕሮች ፎቶ ይለጥፍበታል። በሁሉም ፎቶ ላይ የመጥለቂያ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ ይስቃል። በእኛ ሙያ መነጽሩን ግንባሩ ላይ የሰቀለ ሰው ውኃ ላይ ከታየ ጭንቅ ላይ ነው ተብሎ ጀልባ ይላክለታል። እሱ ግን መቶ ጊዜ እንደዚያ ተነሥቷል፣ ማንም አልደረሰለትም።

ልጄ ምን ዐይታበት ነው ትሉ ይሆናል። እኔም ብያለሁ። ያስቃታል። ደግሞ በትንኝ የሚመጣው ያ መጥፎ የዴንጊ ትኩሳት ይዟት ባታንጋስ ከተማ ሆስፒታል በተኛች ጊዜ፣ በአውሎ ነፋስ መኪና እየነዳ መጥቶ አልጋዋ ሥር ወንበር ላይ አድሯል። ይሄን አልክድበትም። ከዚያ ወዲህ ሊጋያ ስለሱ ክፉ ስናገር ያንን ወንበር ታነሳብኛለች፤ እኔም አፌን እዘጋለሁ።

ያ የምነግራችሁ እሁድ ጠዋት ሦስታችን ጥቁር አለት የምንለው ቦታ ወረድን። አለቱ ከላይ አይታይም፤ ባሕሩ ሥር እንደ ግንብ ቀጥ ብሎ ቆሟል፣ ከግንቡ ርቆ የሄደን ሰው ውኃው እየሳበ ወደ ጥልቁ ይወስደዋል። ሊጋያ የሠለጠነች አስተማሪ ናት፣ ለሷ አልሰጋሁም። አብሬ የወረድኩት ለሱ ነው።

«አለቱን አትራቅ» አልኩት ጀልባው ላይ። «ውኃው ከሳበህ አትታገለው፤ አለቱን ያዝ፣ ቀስ ብለህ ተንፍስ።»

«ቲታ፣ እኔ ማልዲቭስ የጠለቅኩ ሰው ነኝ።»

ጀልባ ነጂያችን ኢስኮ ወደኔ ዞሮ ቅንድቡን አነሳ። ከዚያ በላይ አልተናገረም። ኢስኮ ለማልዲቭስ ይሄን ያህል ነው የሚሰጠው።

መጀመሪያ ደኅና ነበር። ዓሣው እንደ ደመና ከበበን፤ ሊጋያ ከአለቱ ሥንጥቅ ውስጥ የተደበቀ ትንሽ ኦክቶፐስ አሳየችው። ከዚያ ያንን ረጅም ዘንግ አወጣ። ጫፉ ላይ ካሜራ አለው፤ ራሱን ነው የሚቀርጽበት። ከኋላው ሰማያዊው ጥልቅ እንዲታይለት ከአለቱ ራቅ፣ ራቅ አለ። ውኃው ያዘው።

ወደ አለቱ ለመመለስ በእግሩ መታገል ጀመረ። ከውኃ ጋር የሚታገል ሰው ትንፋሹ ያጥረዋል፤ ትንፋሹ ሲያጥረው ደግሞ ዕቃው አየር የከለከለው ይመስለዋል። ዕቃው ምንም አልሆነም፣ የሆነው ሰውዬው ነው። ዐይኑን ከመነጽሩ ኋላ አየሁት፤ ፈጥጦ ነጩ ብቻ ቀርቷል። ያንን ዐይን አውቀዋለሁ። ቀዶ ሐኪም ላይ አይቼዋለሁ፣ ፖሊስ ላይ አይቼዋለሁ፣ አንድ ጊዜ መነኩሲት ላይ አይቼዋለሁ። በዚያ ዐይን ሰው አልንቅም። ባሕሩ ሥር ፍርሃት ለማንም ይመጣል፣ ነገ ለኔም ይመጣ ይሆናል።

ሊጋያ ደረሰችበት። አንድ እጇን ዘርግታ ረጋ በል አለችው፣ በሌላው ቢጫውን ዘረጋችለት። እያንዳንዱ ጠላቂ ከሚነክሰው ሌላ ደረቱ ላይ ትርፍ መተንፈሻ አለው፤ ለእንዲህ ያለው ቀን ተብሎ፣ ዐይን እንዲይዘው ቢጫ ተደርጎ የተሠራ። የሱም ደረት ላይ አለ። ዶንዶን በቲታኒየም የተሠራውን የራሱን ከአፉ ተፋው። የራሱን ቢጫ አልፈለገም፣ የሷንም ቢጫ በክርኑ ገፍቶ አለፈው። እጁን ሰድዶ ልጄ አፍ ውስጥ ያለውን፣ የምትተነፍስበትን፣ መንጭቆ አወጣና ነከሰው።

ከዚያ አቀፋት። በፍቅር አይምሰላችሁ፣ የሰጠመ ሰው ግንድ እንደሚያቅፈው ነው ያቀፋት። ቢጫው በሁለቱ ደረት መሃል ተጣብቆ ቀረ። ሊጋያ በጣቷ ትፈልገዋለች፣ አይወጣላትም። አልተወራጨችም። ከከንፈሯ ትንንሽ አረፋ እየለቀቀች፣ እኔ ራሴ እንዳስተማርኳት፣ ዐይኗን ወደኔ አዞረች። የሱ መተንፈሻ ከትከሻው ኋላ ተንሳፎ አየሩን እንደ ተከፈተ ቧንቧ ያጎርፋል። ደኅና ሆኖ የሚሠራ መተንፈሻ ከአፍ ሲወጣ እንደዚያ ነው የሚያደርገው። ያንን ዕቃ በዚያች ሰዓት ስመለከት ከሰውዬው ይልቅ ለዕቃው አዘንኩ።

ደረስኩ። የራሴን ቢጫ አፏ ውስጥ አስገባሁላት። ነከሰችው፣ ውኃውን ተፍታ አወጣች፣ ተነፈሰች። ሁለቱንም ሲሊንደሩን በተሸከመው ሰደሪያቸው ማሰሪያ ጨብጬ፣ ግማሽ እየጎተትኩ ግማሽ እያቀፍኩ፣ ቀስ ብዬ ወደ ላይ ወጣሁ። መንገዱን ሙሉ ዶንዶን ያንን የሙዚየም ዕቃ እንደ ጥጃ ሲጠባ ነበር።

ኢስኮ እጁን ሰጥቶ ጀልባው ላይ ጎተተው። አስመለሰው። ሊጋያ አጠገቡ ተቀምጣ ጀርባውን እያሸች «አይዞህ፣ አለፈ፣ አለፈ» ትለዋለች፤ ከንፈሯ እሱ ሲመነጭቅ ቆስሎ ይደማል። እኔ እግሬ ሥር እያየሁ ጠበቅኩ። አሁን ቀና ብሎ፣ ፈራሁ፣ ይቅር በይኝ፣ ሊላት ነው ብዬ። ለዚያ ጊዜ የሚሆን ርኅራኄ እንኳ አዘጋጅቼ ነበር። እስከ ባሕሩ ዳር አንድ ቃል አልወጣውም።

ቃሉ የወጣው ምሳ ላይ ነው። ረጅሙ ገበታችን ላይ ሌሎች እንግዶች ነበሩ፤ የተጠበሰ ዓሣ፣ ሩዝና ጎምዛዛው የሽሪምፕ ሾርባ ቀርቧል። ዶንዶን ታጥቦ፣ ፀጉሩን አበጥሮ፣ ሽቶ ተቀብቶ መጣ። አንዷ እንግዳ ለምን ቶሎ እንደወጣን ጠየቀች።

ማንኪያውን አስቀመጠ። «ሊጋያ አየር አጥታ ነው» አለ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«እንዴት?»

«መተንፈሻዋ ተዘጋ። አሮጌ ነው፣ ማንንም መውቀስ አልፈልግም። ዐይኗን አየሁት። እንዲህ ያለ ጊዜ ሰው አያስብም፣ የራሴን አውጥቼ ሰጠኋት።»

ሴትዮዋ እጇን ደረቷ ላይ አደረገች። ባሏ የዶንዶንን ትከሻ መታ መታ አደረገ። እኔ ወደ ሊጋያ ዞርኩ። ሊጋያ የዓሣውን አጥንት ትለቅማለች፤ ተለቅሞ ያለቀውን ደግማ ትለቅማለች።

ከምሳ በኋላ ዕቃ ማጠቢያው ጋ አገኘኋት። በርሜሉ ንጹሕ ውኃ ውስጥ የሱን የጎማ ልብስ እያለቀለቀችለት ነበር።

«ናናይ፣ እናቴ፣ እባክሽ» አለችኝ፣ አፌን ሳልከፍት።

«ምን እባክሽ?»

«ምንም አትበይ። አፍሮ ነው።»

«ያፈረ ሰው ዝም ይላል። ይሄ ሰውዬ እያወራ ነው።»

«ጊዜ ስጪው። ራሱ ይነግረኛል።»

«ላንቺ ምኑን ይነግርሻል? አብረሽው አልነበርሽም እንዴ?»

ልብሱን ጨምቃ ገመዱ ላይ ሰቀለችው። «ለሱ ብዬ አይደለም ለኔ ብዬ ነው የምለምንሽ» አለች። «እኔ እስክናገር አንቺ አትናገሪ። ማይልኝ።»

ማልኩላት። በሕይወቴ የከበደኝ መሐላ እሱ ነው። ከዚያ የሷን መተንፈሻ ጠረጴዛ ላይ ፈታሁት፣ እያንዳንዷን ሞላና የጎማ ቀለበት አገላብጬ አየሁ። ምንም እንደሌለበት አውቃለሁ፣ ግን እጄ ሥራ ካልያዘ ምላሴ ሊያዝልኝ አልቻለም። ክሪስፑሎ ሲሊንደሮቹን አየር የሚሞላውን ጯሂ ኮምፕረሰር አጥፍቶ መጣና አጠገቤ ተቀመጠ። የሆነውን ኢስኮ ነግሮታል።

«ፈርቶ ነው» አለ።

«መፍራቱን ማን ጠላ?»

«እሱን ነው የምለው» አለና ሞላዋን አቀበለኝ።

በዚያው ሳምንት ዶንዶን ገጹ ላይ ጻፈ። ሊጋያን አቅፎ የተነሣውን ፎቶ ለጥፎ፣ ፍቅር ማለት የመጨረሻ ትንፋሽህን ሳታመነታ መስጠት ነው አለ። ይሄን ማን እንዳስተማረው እንጃ፤ በተግባር ያየሁት እንኳ ሌላ ነው። ከሥሩ ደግሞ፣ አንዳንድ ማረፊያዎች ያረጀ ዕቃ እያከራዩ በሰው ሕይወት ይጫወታሉ፣ ለቤተሰቡ ካለኝ ክብር የተነሣ ስም አልጠራም ብሎ ጨመረ። ስማችንን በቀደመው ቀን ፎቶ ላይ ጠርቶት ነበር። ሴቶች እንዳንተ ያለ ወንድ የት ይገኛል ብለው ጻፉለት። ለሁሉም ልብ እየላከ መለሰ። አንድ መሥሪያ ቤት ሠራተኞቹን ይዞ ሊመጣ ቀጠሮ ይዞ ነበር፤ ደውለው፣ በጣም በትሕትና፣ ዕቃችሁ ግን እንዴት ነው አሉኝ። በሚቀጥለው ቀን ቀጠሮውን ሰረዙ።

ለሊጋያ ስልኩን አሳየኋት። አንብባ መለሰችልኝ።

«ሊያጠፋው ነው» አለች። «ነግሬዋለሁ።»

«ምን አለሽ?»

«የጻፍኩት በጥቅሉ ነው፣ ስለናንተ አይደለም አለኝ።»

አላጠፋውም። ይባስ ብሎ ወላጆቹ እሷን ሊጠይቁ የሚመጡበትን ቀን ቆረጠ። በእኛ ዘንድ ለዚህ ሽማግሌ አይላክም፣ የወንዱ ወላጆች ራሳቸው ድስታቸውን ይዘው የሴቷ ቤት ይመጣሉ፤ ተበልቶ፣ ተሳስቆ፣ የሠርጉ ቀን ይቆረጣል። ቤቱን አጸዳሁ። ክሪስፑሎ ሸሚዙን አስተኮሰ። ሊጋያ ከጠዋት ጀምሮ አልበላችም።

እናቱ ዶኛ ኮንሱዌሎ፣ ዶኛ እመቤት ማለት ነው፣ ከመኪናው ስትወርድ አንድ እጇ ማራገቢያ፣ ሌላው መሐረብ ይዟል፤ ባሕሩ ጠረን ያለው መሆኑን ማንም አስቀድሞ አልነገራትም። ሾፌሩ ሙሉ የተጠበሰ አሳማና ትልቅ ትሪ ፓስታ ተሸክሞ ተከተላት። አባትየው ቀጭን፣ ዝምተኛ ሰው ነው፤ ጨብጦን ከተቀመጠ በኋላ ዐይኑን ከሳህኑ አላነሳም። ዶንዶን ነጭ የባሕል ሸሚዙን ለብሷል። ምን አለፋችሁ፣ ሲያዩት ያምራል። ያልተሠራ ፎቅም በሥዕሉ ላይ ያምራል።

ገና ሾርባው ሳይነሣ ዶኛ ኮንሱዌሎ ሾፌሯን በጣቷ ጠርታ ሪባን የታሰረበት ሣጥን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። «ለሙሽራችን» አለች። ሊጋያ ከፈተችው። አዲስ መተንፈሻ ነው፣ የዶንዶን ዓይነት፣ ከነቢጫው።

«ከእንግዲህ ያንን አሮጌ አትነኪም፣ ልጄ» አለች ዶኛ ኮንሱዌሎ። «ዶንዶን ሲነግረኝ እንቅልፍ አጣሁ። የናንተ ጥፋት አይደለም» አለች ወደኔ ዞራ፣ «ያላችሁን ነው የምትሠሩበት። ልጄ ባይኖርላት ኖሮ ግን ዛሬ ለሠርግ ሳይሆን ለቀብር ነበር የምንቀመጠው። በርግጥ ከተጋቡ በኋላ መጥለቁን ብትተወው ደስ ይለኛል።»

ጥርሴን ነከስኩ። ክሪስፑሎ ጠረጴዛው ሥር ጉልበቴን ያዘ።

ሊጋያ የሣጥኑን ክዳን ቀስ ብላ መለሰችው። «ዶንዶን» አለች፣ «እስቲ ንገረን፤ አባቴ ካንተ አፍ አልሰማውም።»

«አሁን? ምግብ ላይ?»

«አዎ። እኔም በደንብ ልስማው።»

እሱም ተናገረ። ያን እሁድ ምሳ ላይ ከተናገረው አሁን አድጓል። ውኃው ጨልሟል፣ ሊጋያ ራሷን ልትስት ደርሳለች፣ እኔ ሩቅ ነበርኩና አላየሁም። እሱ ደግሞ ያለ አየር፣ በሳንባው በቀረችው ብቻ፣ ሁለታችንንም እየመራ አውጥቶናል። እጁን እያወናጨፈ፣ ድምፁን ከፍ ዝቅ እያደረገ። ዶኛ ኮንሱዌሎ ዐይኗን በመሐረቡ ነካ አደረገች። ሰውዬውን ቀረብ ብዬ አየሁት፤ ለመጀመሪያ ጊዜ የገባኝ ያኔ ነው፣ እያመነው ነው የሚያወራው። ውሸታም እንኳ ለመሆን አልበቃም። ውሸታም ቢያንስ እውነቱ የት እንዳለ ያውቀዋል።

ሲጨርስ ሊጋያ «ዶንዶን፣ እኔ እዚያ ነበርኩ» አለችው።

«አውቃለሁ ፍቅሬ።»

«ፈርቼ ነበር በለኝ። ሌላ ምንም አልፈልግም። እዚህ፣ እናትህና አባቴ ፊት፣ ፈርቼ ነበር፣ ከአፍሽ ወሰድኩብሽ በለኝ፤ ዛሬውኑ ቀን እንቆርጣለን።»

ዶኛ ኮንሱዌሎ ማራገቢያዋን አቆመች። «ምንድን ነው የምትለው?» አለች ልጇን።

ያን ጊዜ ክሪስፑሎ ጉሮሮውን ጠረገ። ባሌ በሰው ፊት ብዙ የሚናገር ሰው አይደለም፤ ከኮምፕረሰር ጋር የኖረ ሰው መጮህ ወይም ዝም ማለት ነው የሚለምደው።

«እኔም የሴንዳን መተንፈሻ ወስጃለሁ» አለ፣ ስሜን ጠርቶ በአገጩ ወደኔ እየጠቆመ። «ከመጋባታችን በፊት ነው። አንድ ትልቅ ዓሣ ከጎኔ ድንገት ዞረ፣ ደነገጥኩ፣ አየር ያለቀብኝ መሰለኝ። የራሴ ደኅና ነበር። ከአፏ መነጨቅኩባት።»

ሊጋያ አባቷን አፍጥጣ አየችው። ይሄን ነግሯት አያውቅም፤ ከሠርጋችን ወዲህ ለማንም አላወራውም።

«ስንወጣ አለቀስኩ» ቀጠለ። «ጀልባው ላይ ሰው ነበር፣ ለሁሉም ነገርኳቸው። ጓደኞቼ እስከ ሠርጋችን ድረስ ቀማኛው ይሉኝ ነበር። አሳፋሪ ነው፣ ልጄ፣ ግን ያልፋል። እሷም አገባችኝ። ስለዚህ እዚህ ገበታ ላይ እንኳ የሚፈርድብህ ሰው የለም።»

ከዚህ በላይ በር እንዴት ይከፈታል? ዶንዶን እግሩን አንሥቶ መግባት ብቻ ነው የቀረው። አፉን ከፈተ። ፊቱ ላይ የሆነ ነገር ላላ፣ ለአፍታ ያ ሆስፒታል ወንበር ላይ ያደረው ልጅ መስሎ ታየኝ። ከዚያ እናቱን አየ። እናቱ አገጯን ቀና አድርጋ ትጠብቃለች።

«አከብርዎታለሁ፣ ታታይ» አለ። «ግን የኔ ይለያል። እኔ የምደናገጥ ዓይነት ሰው አይደለሁም።» ወደ ሊጋያም ዞሮ እጇን ያዘ። «አንቺ ደንግጠሽ ስለነበር ነው፣ ፍቅሬ። አታስታውሺውም። እናትሽ ደግሞ በዕቃው ነገር ስለሚከፋቸው፣ ምናልባት ሌላ ነገር ነግረውሽ…»

«እናቴ አንድ ቃል አልተነፈሰችም» አለች ሊጋያ። «እንዳትናገር ያስማልኳት እኔ ነኝ። አንተው ራስህ እንድትናገረው ብዬ።»

እጇን ቀስ ብላ ከእጁ አወጣች። ከዚያ የተጠበሰውን ዓሣ አንሥታ ለሱ፣ ለእናቱ፣ ለአባቱ አደላች፣ ሩዝ ጨመረችላቸው።

«ብሉ፣ እንዳይቀዘቅዝ» አለች። «ስትጨርሱ ወላጆችህን ይዘህ ሂድ፣ ዶንዶን። ሠርግ የለም።»

«ለአንድ ቃል?» አለች ዶኛ ኮንሱዌሎ። «ልጄ ነፍስሽን አድኖ፣ ለአንድ ቃል?»

ዶንዶን ከእናቱ ወደ ሊጋያ፣ ከሊጋያ ወደ እናቱ ያያል፤ አንዱ ገዢ ሐሳቡን ይቀይር እንደሆነ የሚጠብቅ ሻጭ ይመስላል። አባትየው ዓሣውን እስከ መጨረሻው በላ፣ አፉን ጠረገ፣ ተነሣ። «ኮንሱዌሎ፣ እንሂድ» አለ። ደረጃው ጋ ሲደርስ ሊጋያን በለሆሳስ «ይቅርታ፣ ልጄ» አላት። ከዚያ ቤተሰብ የሰማሁት ብቸኛ ይቅርታ ነው፤ እሱም የመጣው ከማይመለከተው ሰው ነው።

በሁለተኛው ቀን ሾፌሩ ብቻውን መጣ። ሣጥኑን ሊወስድ ተልኮ። ምስኪኑ መሬት መሬት እያየ ነው የተናገረው፤ ሪባኑን መልሼ አስሬ ሰጠሁት፣ ቀዝቃዛ ውኃም አጠጣሁት። ዶንዶን ገጹ ላይ፣ አንዳንድ ሰው የተደረገለትን ውለታ መሸከም አቅቶት ይሸሻል ብሎ ጻፈ። ሴቶቹ አጽናኑት።

እኔ ከመሐላዬ ነፃ ወጥቼ ለሰው ሁሉ ልናገር ተዘጋጅቼ ነበር፤ ኢስኮ ግን ቀድሞኛል። ኢስኮን ማንም አላስማለውም። ከጀልባ ወደ ጀልባ፣ ከማረፊያ ወደ ማረፊያ ሄደ፤ ከወር በኋላ ባሕሩ ዳር ያለ ሰው ሁሉ የሚያስጎመጅ ዕቃ ይዞ የመጣ እንግዳ ሲያይ፣ ይሄኛው ዶንዶን ነው ወይስ ሰው ነው ይባባል ጀመር። ቀጠሮ የሰረዘው መሥሪያ ቤትም ተመልሶ ደወለ። ስለ ዕቃው አልጠየቁኝም።

ሊጋያ አለቀሰች። ብዙ አለቀሰች። መጀመሪያ ሰሞን ለዚህ ሰውዬ ነው የምታለቅሺው ልላት ምላሴ ጫፍ ላይ ይደርስና ክሪስፑሎ ሲያየኝ እውጠዋለሁ። አንድ ከሰዓት በኋላ ሲሊንደር እየደረደርን ሳለ፣ «ሆስፒታል ያደረው እኮ የውሸት አልነበረም፣ ናናይ» አለችኝ።

«አልነበረም» አልኳት። ያንን ማለት ምን ያህል እንደከበደኝ ለሷ አልነገርኳትም።

አባቷን ግን አልተወችውም። ያንን ታሪክ ደጋግማ ታስወራዋለች፤ ዓሣው ምን ያህል ነበር፣ እናቴ ምን አለችህ፣ መጀመሪያ ማን ቀማኛው አለህ ትለዋለች። ክሪስፑሎ ሲያወራ ዓሣው በየጊዜው እያነሰ፣ ልቅሶው እያደገ ይሄዳል። እሷም ሳቅ ጀመረች። አሁን አዲስ ተማሪዎች ስታሠለጥን ባሕሩ ሥር የሚፈራ ሰው ሲያጋጥማት ከማንኛችንም በላይ ትዕግሥት አላት፤ እጁን ይዛ ታወጣዋለች፣ ከውኃው በላይ ሆና ምን እንደሆነ ራሱ እስኪነግራት ትጠብቃለች። ሌላ ሰው ይዛ እንደሆነ አልጠይቃትም።

ዶንዶን ባለፈው ዓመት አግብቷል። ማኒላ ውስጥ አንድ የገበያ አዳራሽ ውስጥ ስለ ጠላቂዎች ደኅንነት ንግግር አድርጎ ሰው አጨበጨበለት ሲሉ ሰማሁ። ሚስቱን በፎቶ አይቻታለሁ፤ ለግላጋ ናት፣ የዋህ ትመስላለች። ጠላቂ ትሁን አትሁን አላውቅም። ባትሆን ይሻላታል።